አውቶቡሱ እንቁላል ጎማ ያወጣበት ወር

ቅዳሜ፣ 27 ቀን ቀረ

ጫንኩት። በራሴ እጅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ የሥዕል ትምህርት ቤት ለመግባት በ27 ቀን ውስጥ አሥራ ሁለት ሥዕል መላክ አለባት፣ በኮምፒውተር የተሣለ። አምስቱ አልቀዋል፣ ሰባት ይቀራል። ማስታወቂያው በአዲሱ የሥዕል ፕሮግራም ያልተሠራ አንቀበልም ይላል። አዲሱ ፕሮግራም ደግሞ በአሮጌው ሲስተም አልሠራም አለ። ስለዚህ የኮምፒውተሩ ሲስተም መቀየር ነበረበት። አማቼ፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ልምጣና ልጫንላችሁ ብሎ ነበር። አያስፈልግም አልኩት። እኔ አራት ሺህ ዓይነት የአውቶቡስ መለዋወጫ ያለበት ስቶር ሃያ ዓመት ይዤ አንድ ብሎን ያልጠፋብኝ ሰው ነኝ። አንድ ሳጥን አያቅተኝም።

የሠራሁት፦
1. ሥዕሎቿን በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ። አንዱ ቢጠፋ።
2. በሦስተኛ ፍላሽም ገለበጥኩ። ሁለቱም ቢጠፉ።
3. መመሪያውን ሁለቴ አነበብኩ።
4. ጫንኩ። ሦስት ሰዓት ፈጀ። ከወንበሬ አልተነሣሁም።

ተጭኖ ተነሣ። ግን ፊደሉ ሁሉ ጡብ ጡብ ያክላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለው ነገርም ወደ ጎን ተለጥጧል። መጀመሪያ ሲከፈት የሚታየው የባለቤቴ ፎቶ ነው። እሱም ሰፋ። ጠርቼ አሳየኋት። ፎቶው ነው የሰፋው ወይስ እውነቱ ነው የወጣው፣ አለች። በዚህ ጉዳይ ላይ አስተያየት የለኝም።

ልጄ አልተቆጣችም። ትንሽ ነገር ነው የቀረው አባዬ፣ አለች። እስኪስተካከል ድረስ ማብራትና ማጥፋቱ የኔ ብቻ ሥራ እንዲሆን ተስማማን። ሁለት እጅ የገባበት ነገር ተጠያቂ የለውም።

የማታ መዝጊያ፦ ኮምፒውተር ዝጋ፣ ስክሪን አጥፋ፣ ሶኬት ንቀል፣ ጋዝ፣ በር። ሁሉም ተደርጓል።

እሑድ፣ 26

ሥዕሎቿ ስለ አንድ አውቶቡስ ናቸው። ከጠዋት እስከ ማታ ማን ይሳፈራል፣ ማን ይወርዳል። ሦስተኛው ላይ ጋዜጣ ተከናንቦ የተኛው ሰውዬ የኛ ጋራዥ ጥበቃ ነው፤ አልነገርኩትም።

ዛሬ ስትከፍተው ጎማዎቹ እንቁላል ሆነዋል። አራቱም። ፋይሉ ደህና ነው፣ ስክሪኑ ነው የሚዋሸው፣ አለችኝ። የምትስይበትን ስክሪን ካላመንሽው እንዴት ትስያለሽ ብዬ ጠየቅኩ። እሱ ነው ጉዱ፣ አለች።

ከዚህ ሌላ ብዕሩ አለ። የምትስለው ጠፍጣፋ የሥዕል ሰሌዳ ላይ ነው፤ በራሱ ብዕር ሰሌዳው ላይ ስትጭር መስመሩ ስክሪኑ ላይ ይወጣል። አማቼ ነው በልደቷ ያመጣላት። አሁን እሷ እዚህ ስትጭር መስመሩ አንድ ጣት ያህል እልፍ ብሎ ይወጣል። የሰውዬውን አፍንጫ ጆሮው ላይ ሣለችው። ሳቅን። ከዚያ አልሳቅንም።

መዝጊያ፦ ሁሉም ተደርጓል።

ሰኞ፣ 25

የመሥሪያ ቤታችንን የኮምፒውተር ክፍል ልጅ ጠየቅኳት። አጥፍተው ያብሩት፣ አለች። ጎማ ሲተነፍስም መኪናውን አጥፍተው ያብሩት የምትል ይመስለኛል።

አጠፋሁ፣ ስክሪኑን ዘጋሁ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ እስከ አሥር ቆጠርኩ፣ ሰካሁ፣ አበራሁ። እንቁላል።

ማክሰኞ፣ 24

ጠዋት ሳበራው አንድ ሰማያዊ ገጽ ይዞ ቆየ። ልጄ ተረጎመችልኝ፦ "ለውጦቹን መጨረስ አልቻልንም። ወደ ነበረበት እየመለስን ነው። ኮምፒውተሩን አያጥፉ።" ጨዋ ነው። ይቅርታ የሚጠይቅ ማሽን አይቼ አላውቅም። ሩብ ሰዓት ጠበቅኩት፣ ወደ ነበረበት ተመለሰ። የነበረበት እንግዲህ እንቁላሉ ነው።

አሥር ደቂቃ አርፍጄ ሥራ ገባሁ። በሃያ ዓመት ሁለተኛዬ ነው።

ረቡዕ፣ 23

እንደገና ሰማያዊው ገጽ። እንደገና አያጥፉ።

ማን አጠፋው? ቀጥ ብዬ ነው የቆምኩት።

ዓርብ፣ 21

ማታ ነው፣ ጊዜ አለኝ፣ ላስቀምጥ።

የጠረጠርኳቸው፦
1. የስክሪኑ ገመድ። ነቅዬ አጥብቄ ሰካሁ። አይደለም።
2. ስክሪኑ ራሱ። ከስቶር አሮጌውን አምጥቼ ሞከርኩ፣ ፈርሜ ነው ያወጣሁት። እዚያም እንቁላል። አይደለም።
3. ግራፊክስ ካርዱ፣ ማለት ምስሉን የሚሠራው ክፍል። ሳጥኑን ከፍቼ አቧራውን በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ከውስጡ የልጄ የሕፃንነት ፀጉር ማስያዣ ወጣ። እንዴት እንደገባ የሚያውቅ የለም። አይደለም።
4. ድራይቨሩ። ይሄ ሲስተሙና ካርዱ የሚግባቡበት ፕሮግራም ነው፤ እንደ አስተርጓሚ በለው። አስተርጓሚው የለም ይላል። ሲስተሙ ራሱ በየቀኑ ከኢንተርኔት ያወርደዋል፣ በማግሥቱ ግን የለም። በእጅ ልጫን ስል "በመጠባበቅ ላይ ያለ አፕዴት አለ፣ መጀመሪያ እሱ ይለቅ" ይላል። ይለቅ ብዬ አጥፍቼ አበራለሁ። አያልቅም።

የሚመጣና የሚጠፋ አስተርጓሚ። መሥሪያ ቤት ቢሆን ደመወዙን አስይዘው ነበር።

ትምህርት ቤቱ ያለበት ከተማ በአውቶቡስ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። በዚያ መስመር የሚሠሩት መኪኖች የፍሬን ሸራ በየወሩ ነው የሚያስቀይሩት። የማውቀው ስቶሩ በኔ እጅ ስለሆነ ነው። ዝም ብዬ ነው የጻፍኩት።

መዝጊያ ተደርጓል።

ቅዳሜ፣ 20

አማቼ መጣ። ገና ሳይቀመጥ ገመዱን አየ። ገመዱን አይተነዋል አልኩ። ስክሪኑንስ አለ። አይተነዋል። ባለሙያ ቤት ብትወስዱት አለ። ይሄን ያለው ሦስት ጊዜ ነው፣ ቆጥሬያለሁ፤ በሦስተኛው ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ። ከዚያ ልጄን እኔ ቤት መጥተሽ በኔ ኮምፒውተር ሣይ አላት። እሷም እኔን አየችኝ።

እኔም ያንተ ሰሌዳ ከመሰካቱ በፊት ይሄ ማሽን ምንም አልነበረበትም አልኩ።

ይሄ ውሸት አይደለም። ብዕሩ መስመር ይስታል፣ ስክሪኑ ይለጠጣል፣ ሁለቱ የሚገናኙ ይመስላል። "ምናልባት" ብያለሁ። ማለቴን አስታውሳለሁ። ድምፄ ትንሽ ከፍ ሳይል አልቀረም።

ልጄ ሰሌዳውን ነቀለችው። ገመዱን ጠቅልላ፣ ብዕሩን በቦታው አድርጋ፣ ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። አማቼ ሻዩን ሳይጨርስ ሄደ።

ባለቤቴ ዕቃ ልታጥብ ገባች። ድምፁ ከወትሮው በዛ ያለ ነበር።

እሑድ፣ 19

በማውስ መሣል ጀመረች። በሳሙና ቁራጭ ፊርማ እንደመፈረም ነው፣ አለችኝ። ጎበዝ አልኳት።

እንቁላሉ እንዳለ ነው። በራሷ ዘዴ አበጀችለት፦ ጠባብ አድርጋ ትስላለች፣ ስክሪኑ ያሰፋዋል። እንደዚህ ዓይነት ጭንቅላት ከማን እንደወረሰች እኔ አልናገርም።

ማክሰኞ፣ 17

ሰሌዳው ከተነቀለ ሦስት ቀኑ፤ ለውጥ የለም። ሰማያዊው ገጽም እንዳለ ነው። እንግዲህ ሰሌዳው ካልሆነ ምንድነው? ወይስ ያበላሸውን አበላሽቶ ነው የወጣው? እንደዚያም ይሆናል።

አንድ ሥዕል በማውስ ስንት ቀን? ስድስት ቀን ትላለች። አሥራ ሰባት ለስድስት ቢካፈል ሦስት አይሞላም። አምስት ሲደመር ሁለት ሰባት፣ ቢበዛ ስምንት። ማስታወቂያው አሥራ ሁለት ነው የሚለው፤ ስምንት የያዘ ይመለሳል። የሚቀጥለው ዓመትም አለ። እኔ ያሰብኩት ነገር የለም፣ ሒሳቡን ነው የሠራሁት።

መዝጊያ ተደርጓል። ጋዙን ሁለት ጊዜ አየሁት።

ሐሙስ፣ 15

ምሳ ሰዓት ላይ እንደገና ወደ ኮምፒውተር ክፍሏ ልጅ ሄድኩ። በዚህኛው ጊዜ ደብተሬን ይዤ ነው። እንደ ሕመምተኛ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሬ አነበብኩላት፤ ሳንድዊቿን እየበላች ታዳምጣለች። ጠዋት እንዴት እንደማበራው ጠየቀች። አነበብኩ። ማታስ አለች። የማታ መዝጊያዬ የምኮራበት ነገር ስለሆነ ድምፄን ጠርጌ አነበብኩ፦ ኮምፒውተር ዝጋ፣ ስክሪን አጥፋ፣ ሶኬት ንቀል።

ሳንድዊቹን አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ስንት ደቂቃ ይፈጅብዎታል?"

"የምን ደቂቃ? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው።"

ከዚያ አስረዳችኝ። ዝጋ ተብሎ ሲታዘዝ ማሽኑ ወዲያው አይተኛም። ያወረደውን የሚጭነው ያኔ ነው። ስክሪኑ ላይም እየሠራሁ ነው፣ አታጥፉኝ ብሎ ይጽፋል። እኔ ግን ስክሪኑን ቀድሜ ስለማጠፋው አላየውም። አስተርጓሚው ገና አንድ እግሩን በሩ ውስጥ ሲያስገባ መብራቱን እነቅልበታለሁ። ጠዋት ማሽኑ ደንግጦ ይነሣና የተጀመረውን ሁሉ አፍርሶ ወደ ነበረበት ይመልሳል። ማታ እኔ እንደገና።

"በየቀኑ?" አልኳት።

"እርስዎ አንድም ቀን አልዘለሉም እኮ፣ ተጽፏል" አለች፣ ደብተሬን እያየች። ከዚያ ሳቀች። ዓይኗን በሶፍት እስክትጠርግ ሳቀች። መጥፎ ልጅ አይደለችም።

ሳልወጣ ስለ ሰሌዳው ጠየቅኳት። ብዕሩ መስመር የሚስተው የስክሪኑ ልክ ስለተዛባ ነው፣ እሱ ሲስተካከል አብሮ ይስተካከላል፣ ሰሌዳው ምንም አላጠፋም፣ አለች።

ሰሌዳው ምንም አላጠፋም። እሺ።

ዛሬ ማታ ሶኬቱ ተሰክቶ ያድራል። እዚህ ቤት ከገባን የመጀመሪያው ነው። ከሶኬት የተነቀለ ነገር አይቃጠልም ብዬ ልጅ ያሳደግኩ ሰው ነኝ። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ አሸተትኩ። የሚሸት ነገር የለም። ባለቤቴ በጨለማ ምን እያሸተትክ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጉንፋን ነው አልኩ።

ዓርብ፣ 14

ክብ ነው።

ጎማው ክብ ነው። ፊደሉ ጤፍ ጤፍ አክሏል። ባለቤቴም ወደ ልኳ ተመለሰች፤ ልኳ እንደነበረ ነው ብዬ አጸናሁላት።

ልጄ በሁለት እጇ አፏን ይዛ ቆመች። ምን አድርገህ ነው አለች። እኔም ራሱ ተስተካከለ አልኩ።

ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። ሥራ ረፍዶብኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ 13

ሁሉም ሰላም ነው። ሰሌዳው ግን ቁም ሣጥኑ ላይ እንዳለ ነው። በማውስ ነው የምትስለው።

ሰኞ፣ 11

ዛሬ እግረ መንገዴን ያ ሰሌዳሽስ እንዴት ነው አልኳት፣ እንደ ዋዛ። አይ አባዬ፣ አንተ እንዳልከው እሱ ነው ያበላሸው፣ ሲነቀል ማሽኑ ጊዜ ወስዶ ተሻለው፣ አሁን መልሼ ብሰካው በገዛ እጄ አበላሽቼ ቁጭ ልል ነው፣ አለች።

ነገሩን ሳልናገር የምናገርበት መንገድ፦
1. ባለሙያ እንዳጣራው መንገር። (የትኛው ባለሙያ ትላለች።)
2. እሷ በሌለችበት እኔው ሰክቼው መቆየት፣ አይታ እንድትደነቅ። (ብዕሩን በየት በኩል እንደሚይዙት አላውቅም።)
3. አንድ ቀን ራሷ ትሞክረዋለች ብሎ መጠበቅ።

ሦስተኛውን መረጥኩ። ለጊዜው።

ረቡዕ፣ 9

ሰባተኛው ሥዕል አለቀ። አምስት ቀርቷል፣ ዘጠኝ ቀን። በሰሌዳው ቢሆን አንዱን በአንድ ቀን ተኩል ትጨርሰው ነበር።

የእጇ አንጓ አብጧል። ባለቤቴ ማታ በሞቀ ውኃ ፎጣ እየነከረች ስትይዝላት፣ ለኔ ይሁን ለፎጣው እንጃ፣ እኔ እንኳን ራሱን የጠገነ ማሽን አይቼ አላውቅም አለች። ቀና ስል አላየችኝም።

እስካሁን ያልኩት ውሸት ሲቆጠር አንድ ነው። ራሱ ተስተካከለ። አንድ ብቻ። ሌላው ሁሉ ዝምታ ነው።

ዓርብ፣ 7

ከሥራ ስገባ ልጄ ጓዳ ሆና በስልክ ታወራለች። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ጫማዬን እየፈታሁ ሰማሁ። ከአማቼ ጋር ነው።

ነገ ናና ውሰደው፣ ለሚፈልግ ሰው ስጠው፣ ትለዋለች። አይ አልተቀየምኩም፣ ትለዋለች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አባዬ ያን ሁሉ ሌሊትና ቀን የደከመበትን መልሼ ባበላሽበት ይከፋዋል። ሰሌዳውን እያየ ሲሸማቀቅ ማየት አልችልም። በቃ፣ ባይሞላም የሞላውን ያህል እልካለሁ።"

ስምንት ሥዕል እንደማይቀበሉ ታውቃለች። ከኔ ይልቅ ታውቃለች። ማስታወቂያውን በቃሏ ነው የያዘችው።

ጫማዬን እንደገና አሠርኩና ወጥቼ ሰፈሩን ዞርኩ። ዝርዝር አላወጣሁም።

ቅዳሜ፣ 6

ያለው ሁሉ ይጻፍ።

አማቼ አራት ሰዓት ላይ መጣ። ካርቶኑ ጠረጴዛ ላይ ተዘጋጅቷል፣ ልጄ ስኮች አሽጋበታለች። ባለቤቴም አለች። አማቼ ቆሞ ነው ያወራው። "ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። አጥንቼ መግዛት ነበረብኝ። ልጅቷን ወደ ኋላ አስቀረኋት" አለ። ትከሻዬን አልመታም። እውነተኛ ይቅርታ ነው የጠየቀኝ፣ እኔን።

ካርቶኑን ሲያነሣ ያዝኩት። እሱ በአንድ በኩል እኔ በአንድ በኩል። ለጥቂት ጊዜ እንዲሁ ይዘን ቆምን፤ የሙሽራ ሣጥን የሚያወጡ ሚዜዎች እንመስል ነበር።

"አስቀምጠው" አልኩት። "ሰሌዳው ምንም አላደረገም። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።"

ሶኬቱን ነገርኳቸው። ስክሪኑን፣ አስተርጓሚውን፣ እያንዳንዱን ማታ። መጀመሪያ አማቼ ነው የሳቀው፤ ለማፈን ሞክሮ ነበር፣ በአፍንጫው መጣበት። ባለቤቴ እኔ ጉንፋን የሌለበት ሰው ሌሊት እንደማያሸት ድሮም አውቄያለሁ አለች። ትንሽ ቀለል አለኝ። እንዲህ በሳቅ የሚያልቅ ከሆነ ምን አስፈራኝ ብዬ ሳስብ ልጄ ጠየቀችኝ።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

ትናንት የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

"ሐሙስ" አልኩ።

"ትናንት ወዲያ?"

"ከዚያ በፊት ያለው ሐሙስ።"

ሳቁ ቆመ። ልጄ በጣቷ ቆጠረች። ቀስ ብላ ነው የቆጠረችው፣ የኔው ልጅ ናት።

"ሶኬቱ አይደለም" አለች። "ሶኬቱን ማንም ይነቅላል። ዘጠኝ ቀን በማውስ ስስል በሩ ላይ እየቆምክ ጎበዝ ስትለኝ ነበር።"

ካርቶኑን ተቀበለችንና ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ስኮቹ ሲቀደድ ከውጭ ተሰማን።

አማቼ ሻዩን ጨርሶ ነው የሄደው።

እሑድ፣ 5

አታናግረኝም ማለት አይደለም። እሺ ትላለች፣ አይ ትላለች። አባዬ የሚለው ግን ከዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ወጥቷል።

ብዕሩ መስመሩን አልሳተም። ስምንተኛው ምሳ ላይ አልቋል። ሶኬቱ ላይ "አይነካም" የሚል ወረቀት ለጥፋለች። ለማን እንደሆነ አልጻፈችም።

ቀኑ ሙሉ የኔ ነበር፣ ስለዚህ ለምን ዝም እንዳልኩ አሰብኩ፦
1. ኀፍረት። በገዛ ጥንቃቄዬ ነው ያበላሸሁት። ግዴለሽ ሰው ቢያደርገው ይሻል ነበር።
2. አማቼ። ሦስት ጊዜ ባለሙያ ቤት ብትወስዱት ብሎኛል።
3.

ሦስተኛውን ነገ እጽፋለሁ። ደክሞኛል።

ሰኞ፣ 4

ዘጠነኛው ተጀምሯል።

አማቼ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለ። "ጋሼ፣ ሶኬት?" ብሎ ዘጋ። ነገም እንደሚደውል ይሰማኛል። ይገባኛል።

ሦስተኛው፦ የለም። ሁለት ነው።

ማክሰኞ፣ 3

ዘጠነኛው ጠዋት፣ አሥረኛው ማታ አለቀ። እራቷን በትሪ በር ላይ አስቀመጥኩ። ባዶውን ትሪ በር ላይ አገኘሁት።

ለጋራዣችን ጥበቃ ሥዕሉ ላይ እንዳለ ዛሬ ነገርኩት። ጋዜጣውን ከፊቱ አንሥታ ብትስለው ምን ነበረበት አለ።

አማቼ ደወለ። "ሶኬት?"

ረቡዕ፣ 2

አሥራ አንደኛው ግማሽ። አንጓዋን በጨርቅ አሥራለች። ያበጠው በሰሌዳው አይደለም፣ በነዚያ ዘጠኝ ቀኖች ነው። ዶክተር እንሂድ አልኩ። ዓርብ ካለፈ በኋላ፣ አለች።

በዚያ መስመር የሚሄዱትን መኪኖች የፍሬን መዝገብ ዛሬ አገላበጥኩ። ሁሉም በጊዜው ነው የተቀየረው። ሹፌሮቹም ነባር ናቸው። በቀን ሁለት ጊዜ ይነሣሉ፣ ጠዋት አንድ ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት። የጠዋቱ ይሻላል።

ደወለ።

ሐሙስ፣ 1

አሥራ አንድ አለቀ። አንድ ቀረ። እሷ ክፍል፣ ባለቤቴ ሳሎን፣ እኔ መካከል ላይ ኮሪደር። ማንም ምንም አይነቅልም።

ዓርብ

ፈቃድ ወስጄ ቀረሁ። የማመልከቻው መዝጊያ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው።

አሥራ ሁለተኛው ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ አለቀ። አውቶቡሱ ባዶውን ጋራዥ ገብቶ ቆሟል፣ ሹፌሩ መሪው ላይ ተደግፏል። ሌላ ሰው የለም። ስንት ሰዓት እንደሆነ ከመብራቱ ይታወቃል።

ስትልክ ልያት ብዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ዞር ሳትል ከጎኗ ያለውን በርጩማ በእግሯ ወደ ኋላ ገፋችው።

"ና ተቀመጥ፣ አባዬ" አለች። "ምንም ግን አትንካ።"

ተቀመጥኩ። እጆቼን ጉልበቴ መካከል አስገባሁ። አንድ በአንድ ከፈተችልኝ፣ አሥራ ሁለቱንም። ጎበዝ የሚለው ቃል መጥቶልኝ ነበር፣ ተውኩት። ስለ ሰባተኛው ብቻ የሴትየዋ እጅ ትንሽ ደረቅ ብሏል አልኩ። "በማውስ ነው" አለች። "አውቃለሁ" አልኩ። ወደ ስምንተኛው አለፈች።

ከዚያ ላከችው። አንድ አረንጓዴ መስመር ይሄዳል፣ ይቆማል፣ ይሄዳል። ግማሽ ላይ ብዙ ቆየ። አስተካክይው፣ እንዲህ አድርጊው፣ አጥፍተሽ አብሪው የሚል ነገር ሁሉ ደረቴ ላይ መጣ። እጆቼን ጨበጥኩ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ላይ ሞላ። "ማመልከቻዎ ደርሶናል" ይላል፤ ይሄን ሳትተረጉምልኝ አነበብኩት።

ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ተለጠጠች። ጣሪያውን እያየች ብዙ ቆየች። እኔም ስክሪኑን አየሁ። ጥርት ብሏል። የሚጠገን ነገር የለበትም። በርጩማው ላይ ተቀምጬ የምሠራው ነገር አጣሁ።

"ከተቀበሉኝ፣ የዛሬ ሁለት ወር ነው የምሄደው" አለች።

"የጠዋቱ መኪና ይሻላል" አልኩ።

አየችኝ። ከቅዳሜ ወዲህ ገና ዛሬ ነው ፊት ለፊት ያየችኝ። እዚያው ሆና ለረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ሥዕል ከመጀመሯ በፊት ሰው የምታየው እንደዚያ ነው።

"አሁን ሻይ ማፍላት ትችላለህ" አለች።

አፈላሁ። አንድ ለሷ፣ አንድ ለኔ። ስኳር እንዳልጨመርኩበት ያወቅኩት የራሴን ስቀምስ ነው፤ እሷ ሦስት ማንኪያ ነው የምትጠጣው። ቀና ስል ብርጭቆዋ አፏ ላይ ነበር። እስከ ታች ጠጣችው።